ሰፋልኝ

አሥራ አንድ ዓመት በአጠገቧ አለፍኩ፣
ጭነት እያደረስኩ፣ ጭነት እየጨመርኩ፤
ሆዴ ከመሪው ጋር ቦታ እየተጋፋ፣
የሕንፃዎቿ ጫፍ በመስታወቴ ጠርዝ ብቅ ብሎ ሲጠፋ።
ቺካጎን ነው የምላችሁ።
ከእሷ የማውቀው የመውጫውን ቁጥር ነበር፣
ነዳጅ የሚቀዳበትን፣ ዶናት የሚሸጥበትን በር።

ዘጠኝ ወር ሆነኝ ሐኪሙ ከቆረጠኝ፣
ሙዝ የምታህል ከረጢት በአደራ ከሰጠኝ።
ዘጠኝ ወር፤ ሴት ብሆን የምወልድበት፤
እኔ ግን ስልሳ ኪሎ ሰው ከላዬ አወረድኩበት።

እታፈራሁ ሻንጣ ስትሸክፍ አመሸች፣
ቫይታሚን፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የሕፃን ማንኪያ ጨመረች።
"ከተማ ልናይ ነው ወይስ ልጅ ልናስከትብ?" ብዬ ሳስቃት፣
"ዝም በል፣ የምትበላው ብናጣስ?" አለችኝ ጭንቅ ብሏት።

የወንዙ ጀልባ ላይ ወንበር አለ፣ ባለ ሁለት ክንድ።
አይቼው ቆምኩ እንደ ግንድ።
ይህን ዓይነት ወንበር አውቀዋለሁ፤ በወንድሜ ልጅ ምርቃት ላይ
ስነሳ አብሮኝ ተነሥቷል፣ ከኋላዬ ተጣብቆ፣ አዳራሹ ሁሉ እያየ፣ እኔ ማንንም እንዳላይ።
"ተቀመጥ" አለች። ተቀመጥኩ።
በግራ በቀኝ እጄን ሰደድኩ፤
ቦታ ተርፏል።
አስጎብኚዋ ልጅ ስለ ሕንፃዎቹ ዘመን ስታስረዳ፣
እኔ የማዳምጠው በዳሌዬና በወንበሩ መካከል የሚያልፈውን ነፋስ ነው፣ እንደ እንግዳ።

ምሳ ላይ ያቺ የዚህ ከተማ ፒዛ፣
እንደ ድፎ የወፈረች፣ በብረት መጥበሻ ተይዛ፣
መጣች። አይቧ ክር ሲመዝ፣ ቲማቲሟ ሲፈላ፣
የድሮው እኔ ሳይጀምር ይል ነበር "ሌላ!"
አሁን ሕግ አለ፤ ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፣
ሃያ ጊዜ ሳይታኘክ አንዲቷም አትዋጥም፤
ሥጋው ይቅደም፣ አይቡ ይከተል፣ ሊጡ ለመጨረሻ፤
በሕፃን ማንኪያ፣ ሦስት ጉርሻ።
አንዱን ለረሃቤ። አንዱን ለአመሌ።
ሦስተኛውን እታፈራሁ በእጇ።
በሠርጋችን ቀን ያጎረሰችኝ ጉንጬ እስኪነፋ ነበር፤
ፍቅር በክብደት ሲለካ እንዲያ ነበር።
ዛሬ በሁለት ጣቷ የአተር ፍሬ የምታህል አይብ ቆንጥራ
"በሞቴ!" አለች፣ አፌ ደጃፍ ላይ እጇን ገትራ።
ጎረስኩ። አኘክሁ። ከጨው ሥር የተደበቀ ማር አገኘሁ።
አርባ ስድስት ዓመት በልቼ፣ ዛሬ ቀመስኩ መሰለኝ።

አስተናጋጇ ሳህኔን አይታ "አልጣፈጠህም?" አለች ደንግጣ።
"ጠገብኩ" አልኳት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ
የሰው ልብስ የለበስኩ ያህል ከበደኝ።

ከሰዓት፣ አደባባዩ ላይ፣ ሰው የሚከበው የብረት ባቄላ አለ፣
ገላው መስታወት፣ ከተማዋን ከነሰማይዋ ያዘለ።
ቀረብኩ። ጎበጥ ባለው ጎኑ ለጥጦ አሰፋኝ፤
ያ የተሰናበትኩት ሰውዬ ከውስጥ አፈጠጠብኝ።
ልሸሽ ነበር። ግን አሳዘነኝ፤
ሌሊቱን ሁሉ የነዳው እሱ ነው፣ የቤቱን ኪራይ የከፈለው፣
በበረዶ ጎማ የለወጠው፣ ብቻውን ሲሆን የሚበላው።
እጄን አነሣሁለት፤
እሱም አነሣልኝ።

ማታ ሐይቁ ዳር ደረስን። የምታለከልከው እታፈራሁ ናት፤
ጫማዋን አውልቃ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ቆሜ ጠበቅኋት።
ወዲያ ማዶው የማይታይ ውሃ፣ ወዲህ መብራት በመብራት፣
ሁሉም ገባ፤ በዓይኔ በኩል፣ ያለ ማንኪያ፣ ያለ ልክ።
"ሆድ ከአገር ይሰፋል" ይላል የኛ ሰው፤ እውነቱን ነው፤
የኔም በሐኪም መርፌ ሰፋልኝ።

በብብቴ የተረፈው ፒዛ አለ፣ በካርቶን።
"ምን ልታደርገው ነው?" አለች።
ቆጠርኩት፤ ሦስት ጉርሻ፣ ሦስት ጉርሻ፣ ሦስት ጉርሻ...
"በዚህ እስከ ዓርብ ቺካጎን እናያለን" አልኳት።