አትንገረኝ፣ ጠይቀኝ

ከተማው ተኝቷል፤ ሦስተኛው ፈረቃ
ከነሁካታው ነው እስኪነጋ 'ሚነቃ።
ኮምቦልቻ፣ ጥር ነው። አሮጌው መሸመኛ፣
አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ቆሟል፤ መች ልተኛ?
ጦይባ ይመር ነኝ። እጄ ግሪስ ጠጥቶ
ዘጠኝ ዓመት ኖሯል ከብረት ተግባብቶ፤
ዘንድሮ ግን ከዳኝ።

እህቴ ሐያት ናት፣ ከደሴ ስትመጣ
ስልኬ ላይ የጫነች ይሄን አዲስ ጣጣ፣
ለጠየቁት ሁሉ መልስ የማያጣ።
«ማሽኔ ክር በጠሰ፤ ምን ይሻላል?» አልኩት፤
አሥር መላ አዘነበ፤ ቁጭ ብዬ ለቀምኩት።
«ውጥረቱን ቀንሰው።» ቀንሼው ነበረ።
«ዘይቱን ቀይረው።» እሱም ተቀየረ።
«ስክሪኑ ላይ አንብብ ስህተቱን» ይለኛል፤
ይሄ ማሽን፣ ወዳጄ፣ አያቴን ያህላል፤
ስክሪን የለው፣ ምን የለው፣ በጡጫ ይነሣል።
ደግሞ መተማመኑ! ያላየውን ብረት
እንደ ወለደው ሰው ሲያወራው በድፍረት፤
ይባስ ብሎ «ወንድሜ» አለኝ።

ልዘጋው ስል ታዲያ ጋሽ ሙሄ ታወሰኝ፤
ሞያ ሲያስይዘኝ መልስ መች ነገረኝ?
እጁን ኪሱ ከቶ «ምን ሰማሽ?» ነው የሚለኝ፤
«ምን ሸተተሽ?» ብሎ ከብረቱ ጋር ሊተወኝ።
ጡረታ ወጥቶ ቦርከና ማዶ ከገባ ወዲህ
ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እንዲህ።

በግሪስ ጣቴ ጻፍኩ፦
«መጀመሪያ፣ አንቺ በለኝ።
ከዚያ አትንገረኝ፤ አንድ አንድ እያልክ ጠይቀኝ።
ስሳሳት ደግሞ አትለፈኝ።»

«የሚበጠሰው ድሩ ነው ማጉ?»
ድሩ።
«ጠርዙ ላይ ነው መሀሉ?»
የትም።
«በስንት ሰዓት?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ክር ስቀጥል ኖሬ
ሰዓቱን አይቼ አላውቅም እስከ ዛሬ።

ጠመኔ ፈልጌ፣ በማሽኑ ጎን ላይ
ሦስት ሌሊት ጻፍኩ፣ በተበጠሰ ቁጥር ሰዓት ሳይ፦
አምስት ሰዓት፣ ባዶ። ስምንት ሰዓት፣ አንድ።
አሥራ አንድ ሲል፣ አሥራ አራት፣ እንደ ጉድ!

አሥራ አንድ ምን አለ?
ጨርቅ የሚጭነው መኪና ሐረጎን ሊወጣ ይመጣል፤
ትልቁ በር ወለል ይላል፤
ደረቅ ነፋስ ሰተት ብሎ ይገባል።
ክር ደግሞ እንደ ሰው ነው፣
ጉሮሮው ሲደርቅ ድምፁ ይቆረጣል።

ያኔ መጣልኝ። ጋሽ ሙሄ በየንጋቱ
ባልዲ ይዞ ውሃ ሲረጭ በመሬቱ።
እኔ ለአቧራ መስሎኝ!
እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት።
ይህን ስልኬ ከየት ያውቀዋል?

«በሩ ነው» ስለው «ድንቅ ነሽ!» አለ ቸኩሎ።
«ሙገሳህን ተወው፤ ሞግተኝ» አልኩት ቶሎ።
«እሺ፤ በሩ ከሆነ፣ ጎረቤቶቹስ?» አለኝ።
ይህቺን ወደድኳት። ሄጄ ቆጠርኩ፦
አሥራ ስምንት ላይ፣ ስድስት። አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ ሦስት።
ሃያ ቁጥር፣ ከበሩ የራቀው፣ አንድም የለበት።

ሐያት ደወለች፤ «ሠራልሽ?» ብላ።
«እንደ ጀማሪ ረዳት ነው» አልኳት፣ «ብዙ ያነበበ፣
ብረት ነክቶ የማያውቅ፤
ወሬውን ከለቀቅሽለት ከእንጀራሽ ያጣላሻል፣
ጥያቄ ካስያዝሽው ግን አብሮሽ ያነጋል።»

በሩ ላይ አሮጌ ሸራ ሰቀልኩ፤ ባልዲም አነሣሁ።
ፎርማኑ አበጋዝ ግራ ገብቶት፣
«ማን ነገረሽ?» አለኝ ጨርቁን ዳብሶ አይቶት።
«ማንም አልነገረኝ፤
ጠየቁኝ።»

ትናንት ሌሊት አሥራ አራቱ ሁለት ሆኑ።
ሁለቱ ግን ከየት እንደመጡ
እኔም አላውቅ፣ ስልኬም አያውቅ።
ጠመኔዬ ኪሴ ውስጥ ናት።
ነገ ስኳርና ዘይት ይዤ ጋሽ ሙሄ ቤት እሄዳለሁ፤
መልስ እንደማይሰጠኝ አውቃለሁ።