ስድስተኛው

ሐዋሳ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። ሪፈራሉ ጭር ብሏል፤
የሌዳሞ ደም ረግቷል፣ ቢጫው ውሃ ከላይ ጠልሏል።
በሁለት ዓመት ሦስተኛው ነው ማጅራት ገትር ሲጥለው፤
አባቱ በሩን ተደግፏል፣ ከአሞራ ገደል እንደመጣ ነው፤
ክንዱ ላይ የቆሮሶ ቅርፊት እንደ ሳንቲም ያበራል፣
አላራገፈውም፤ ዓይኑ ብልቃጡ ላይ ቀርቷል።

ይህ ውሃ ባዶ ይመስላል። ዘበኛ ግን ሞልቶበታል፤
ሳይቀጥሩት ያድራል፣ ሳይጠሩት ይዞራል።
ሦስተኛው ባዕድ ገላ ሲነካ ለሁለት ይሰነጠቃል፦
ግማሹ እየጮኸ ይሮጣል፣
ግማሹ እዚያው ይጣበቃል፣ የጀርሙ ጀርባ ላይ ምልክት፣
«ይሄንን ዋጡት» እንደ ማለት።
አምስተኛው ስድስተኛውን ይይዛል፣ ስድስተኛው ሰባተኛውን፣
ስምንተኛው ሰርስሮ ይገባል ያንን የጀርም ቆዳውን፤
ዘጠነኞቹ ክብ ሠርተው ቆመው
ቀዳዳ ይሆናሉ።
ውሃ በዚያ ሰተት ይላል፤ ጀርሙ አብጦ ይፈነዳል፤ በቃ።

የራሳችንንስ ገላ? ደጃፉ ላይ «ተው» የሚል አለው፤
እሱን ያነባል ዘበኛው።

እንደ ደንቡ የተዘጋጀ የበግ ደም ጨመርኩ፣ በኔም ሴረም በእሱም ሴረም።
የኔው አፈነዳው፤ ብልቃጡ እንደ ከርከዴ ጠራ።
የሌዳሞ ዝም።
ቀዩ ደለል ከታች ተኛ።
ደገምኩት። ተኛ።
አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። ሁሉም አሉ፣ አንዱ ጎድሏል፤
አምስተኛው እጁን ዘርግቶ የሚይዘው አጥቶ ቀርቷል።

ለአባቱ ነገርኩት፦ መድኃኒት አለ፣ ክትባት አለ፣
የጎደለው ግን አይበቅልም።
ሐይቁ ላይ ሊነጋጋ ነው፤ አባ ኮዳ ጣራው ላይ ክንፉን አራገፈ።
እሱ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ቅርፊቱ እዚያው ክንዱ ላይ አለ፤
«ስድስተኛው እኔ ጋ ካለ፣
ከዚህ ቅዱለት» አለ።