የቀኙ ቸርኬ

ጥቅምት ሲጋመስ፣ ኤድመንተን፣ በረዶው ሳይወርድ ቀድሞ፣
ጋሽ ይርዳው መጣ በታክሲው፤ ከጓሮ ጋራዤ በር ቆሞ
ክላክስ አደረገ ሁለቴ። “ቸርኬዬን እየው” አለኝ፣
“ልጄ ናት ከእግረኛ ጠርዝ ያላተመችው፤ ምን አውቃ!” ብሎ ሳቀልኝ።
የፊት ቀኝ። ጣት የሚያህል ጭረት ዙሪያውን የበላው፣
አይጥ የቀረጠፈው ዳቦ እንጂ አሉሚኒየም የማይመስለው።

ቀላል ሥራ ነው ይሄ፤ ቂም የለው፣ ሞተር አይነካም፤
መኪና በቸርኬ ጭረት ከመንገድ ቀርቶ አያውቅም።
ለሰው ዓይን ነው፤ ለዓይን ብቻ። የኔም ኑሮ እዚያው ነው፤
ሰውን ከተሰበረበት ይልቅ ያሳፈረው ነው ኪስ የሚያስፈታው።

በጎማና በቸርኬው መሃል ካርታ እሰካለሁ ዙሪያውን፣
የመጫወቻ ካርታ፤ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ ሁሉን፣
ቀለም ጎማውን እንዳይነካ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣
ሻካራው መጀመሪያ፣ ለስላሳው ኋላ፣ ውሃ እየነከሩት።
ጥፍሬን እጎትትበታለሁ፤ ጥፍር ከያዘ አላለቀም፤
ዓይን ይታለላል፣ ጣት ግን ለጭረት አያዳላም።
ስቱኮ፣ ደግሞ ፍተጋ፣ መነሻ ቀለም፣ ብርማ፣
በመጨረሻ ቫርኒሽ፤ እንደ ጭጋግ እንጂ እንደ ዝናብ አይረጭማ።

ሲወስደው አዲስ ነበር። ሰማንያ ዶላር ቆጥሮ
“እጅህ ይባረክ” አለና ሄደ፣ ከጓሮው መንገድ ዞሮ።

በኅዳር ተመልሶ መጣ። ያው ቸርኬ፣ ያው የፊት ቀኝ።
“በረዶው ነው” አለ፤ “ጠርዙን ሸፍኖ ነው የሸወደኝ።”
ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ “ጠርዙን ከፍ አድርጎት!”
ምን ቸገረኝ፤ ማሞቂያ ለኩሼ፣ አፌን ዘግቼ ሠራሁት።

በጥር ግን፣ ካርታ እየሰካሁ፣ እጄ በድንገት ቆመ።
ጠርዝ በቀኝ ነው፣ እውነት፤ ግን ቀኝ ስፖኪዮውም ተልጧል፤
ቀኝ በሩም ከታች በኩል የሰው አጥር ቀለም ይዟል።
ሻይ በቀኙ አስቀመጥኩለት፤ በግራ ሲፈልግ ቆየ፤
መልሱን በቀኝ ዘረጋሁ፤ እጄ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ አላየ።

ለካ አራት ወር የፈቀፈቅኩት ቸርኬ ብቻ አልነበረም፤
ምስክር ነበር፤ አፉን በስቱኮ ደፍኜ፣ በላዩ ቀባሁ ቀለም።
ሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ ነድቷል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ፣ ሌሊት፤
ይህን ሰው “አይታይህም” ማለት፣ እንዴት? በየትኛው አንደበት?

ቫርኒሹ ደርቆ ሊሄድ ሲል፣ ኪሴ ከተትኩና ቁልፉን፣
“ዛሬ እኔ ልንዳ፣ ጋሼ፤ ሐኪም ይየው” አልኩ “ዓይንህን።”

ዝም አለ። ማሞቂያው ብቻ ያጉረመርማል።
ከወለሉ አንድ ካርታ አነሣ፣ ቀለም የጠጣች ሰባት፤
ገለበጣት። “ልጄ እኮ” አለ፣ “ቶሮንቶ ናት። ይቺን መኪና አታውቃት።”

መሪ እንደ እንቁላል ይዤ በመቶ አስራ ስምንተኛ ጎዳና፣
እርሱ በተሳፋሪ ወንበር፣ እንደ እንግዳ ኮስተር አለና፣
ክሊኒኩ በር ላይ ላቆም፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ትንሽ ጠጋ፣

ክርርርጭ!

ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ። ስንት ዘመን ቁስሉን በጥፍሬ ስዳብስ ስኖር፣
ጩኸቱን ግን በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ይርዳው ወደ እኔ ዞረ፤ በደህናው ዓይኑ አየኝ፤
መጀመሪያ ጢሙ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ትከሻው፤ ሳቀብኝ፤
እስኪያነባ ሳቀ። ቀበቶውን እየዳበሰ ሲፈታ፣
“ና ውረድ” አለ፤ “ከመጣን አይቀር ያንተንም ይዩልህ፣ የኔ ጌታ።”