በኛ አቆጣጠር

ለቤቴ ስድስት ጎማ ልገዛ
ማክሰኞ ወረድኩ ሶማሌ ተራ፤
ቦርሳዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣
ጃንጥላዬን ይዤ እንደ ከዘራ።
«ለምን ዓይነት መኪና ነው፣ እትዬ?» አለ ሙደሲር፣ ባለሱቁ፣
ጎማ ቁልል ላይ ተቀምጦ ሻዩን እፍ እያለ።
«ለቤቴ» አልኩት። አመለጠኝ።
«ለቤት መኪና?»
ዝም አልኩ። የቱን አስቀድሜ ላውራው?

(ትምህርት ቤታችን ያረጀ አውቶብሱን በጨረታ ሲሸጥ፣
በግድግዳዬ ላይ ቀይ ቁጥር ሲጻፍ፣
የሁለቱ ወሬ ባንድ ሳምንት ደረሰኝ።
ወንበሩን አስነቅዬ ፍራሽ ዘረጋሁ፤
ቡታጋዝ፣ መጻሕፍት፣ ሁለት መጋረጃ፤
የሾፌሩን መቀመጫ ብቻ ተውኩት
ለእንግዳ።)

ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ይዤ
«ግጥም ቤት ይመታል፣ ልጆች!» ስል ኖርኩ፤
ቤት ሲመታ ግን በዓይኔ ያየሁት
ከኤክስካቫተር ፊት የቆምኩ ቀን ነው።
አልጮኽኩም። እንደ ልማዴ ምቱን ቆጠርኩ፤
በሦስተኛው ጣራው ገባ።

አሁን ደግሞ የግቢው ዘበኛ
«እስከ ሐሙስ ያንሱት» ብሏል። ይነሣ!
በምን እግሩ?
አራት ዓመት ካንድ ቦታ ሳይላወስ ከርሞ፣
ጎሚስታው ላምቤቦ ጎማውን በአውራ ጣቱ ቢጫነው
እንደ ደረቀ ድፎ ተፈረፈረ።
«ይኼ ተነድቶ አላለቀም፣ ቆሞ ነው ያለቀው፤
ጎማን መንገድ አይገድለውም፣ መቆም እንጂ» አለኝ፤
የጡረታ ደብተሬን ያየብኝ መሰለኝ።

ሙደሲር አንዱን አንከባለለው፤ ጥቁር፣ ወዙ የሚያንጸባርቅ።
«አዲስ ነው! ይኸው፣ ጸጉሩ እንኳ አልረገፈም» ብሎ አስዳሰሰኝ።
መነጽሬን አጥልቄ ጎንበስ አልኩ፤
ጎኑ ላይ፣ እንቁላል በመሰለች ክብ ውስጥ፣ አራት ቁጥር፦
ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሰባት።
«ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት» አልኩ፤ «ዓመቱስ?»
«ዐሥራ ሰባት ነዋ! የዘንድሮ፣ ትኩስ፣
በኛ አቆጣጠር!»

በኛ አቆጣጠር?
ይኼ ጎማ ጳጉሜን የት ነው የቆጠረ?
ሲፈበረክ እኮ፣ ልጄ፣ እኛ ገና ዘጠኝ ላይ ነበርን፤
ስምንት ዓመት መጋዘን ውስጥ አንቀላፍቶ፣
ፊቱን በቅባት ታሽቶ፣
ጉምሩክን ሲያልፍ ወጣት ሆነ።
ምናለ እኔንም በዚያ በር ባሳለፉኝ!
ሳቅን፣ ሁለታችንም። ሳቁ ዋጋ አልቀነሰም።

ከጓዳ ሌላ አመጣ፤ መጨረሻው ሃያ አራት የሚል።
«ይኼስ?»
ይኼማ በኛ አቆጣጠር ገና አልተወለደም፤
ላልተወለደ ጎማ ቀብድ እንጂ
ሙሉ ዋጋ አልከፍልም!
ያኔ ነው ሻዩን ያስቀመጠው።
ያኔ ነው የእውነት የተነጋገርን።

ብሬ ለአራት በቃ።
ለሁለቱ ከጎማ ቁጠባ የታደሱ አገኘሁ።
«የታደሰ ከፊት አይገባም» አለ ላምቤቦ፤
«ከኋላ፣ በውስጥ በኩል፤ አዲሶቹ ይሸፍኑታል።»
እንደ ቤተሰብ።

ረቡዕ ማታ ቤቴን በክሪክ አነሣው።
«ይውረዱ እንጂ» ቢለኝ እምቢ አልኩ።
ብርጭቆዎቼ ተንጫጩ፣ መዝገበ ቃላቴ ወደቀ፣
ወለሉ ወደ ፒያሳ አዘነበለ፤
ቤት ሳይመታ ሲነሣ
ይኸው አየሁ፣ በስተርጅና።

(ቤት ያልመታ ስንኝ ካገኛችሁ
በቀይ አታስምሩበት፤
የኔ ቤት ነገ መንገደኛ ነው።)

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ላምቤቦ
የእንግዳዬ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ።
አንድ እርምጃ ያህል ፈቀቅ አልን።
በኋላ መስኮት አየሁ፦ ጎማዎቹ የቆሙበት
አራት ዓመት ዝናብ ያልነካው አፈር፣
ጥጉ ላይ ጉንዳኖች ቆፍረው የሠሩት ደጅ።
«የት ላድርስዎት?» አለኝ።
«እንጃ» አልኩት፤
«ብቻ ወደ ኋላ እንዳትል፤ ጉንዳን አለ።»