በገዛ ፊርማው ላይ

ከፋርማሲው በላይ፣ ከጠባቡ ፎቅ፣
ጠረጴዛው አንካሳ፣ መስኮቱ የማይጠብቅ፣
ደንበኛ የሚከፍለው ዓሣ በእርጥብ ጨርቅ፣
እዚያ ተቀጠርኩኝ፣ የጠበቃ ጸሐፊ፤
እሱ ቆሞ ሲያወራ፣ እኔ ቃል ለቃሚ፣ ጻፊ።

በኡራጓይ ወንዝ ዳር፣ በፑዌርቶ አልሲና፣
ጠበቃን «ዶክተር» ነው የሚሉት፣ ልማድ ነውና፤
ዶክተር ኤቫሪስቶም በሽታ አያድንም፣
ሕመም ሲነገረው ግን ሰዓቱን አያይም።

የሥጋ ፋብሪካው በር በሰንሰለት ሲታሰር፣
ሦስት መቶ አርባ ሰው ያለ ደመወዝ ሲቀር፣
ክሱን ያረቀቀ እሱ፣ የተየብኩት እኔ፣
አራት ዓመት ሙሉ፣ እስኪፈዝ ድረስ ዓይኔ።
ችሎት ፊት ሲቆም፣ ኮቱ ክርኑ ላይ ሳስቶ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መነጽሩን አንስቶ፣
«ክቡር ዳኛ፣» አለ፣ «ሕግ ወንዝ አይደለም፤
ዝቅ ያለውን ሰፈር መርጦ አያሰጥም።»

ረታ።
የዓሣ አጥማጁ ሚስት፣ ዶኛ ኢርማ፣
የባሏን ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠመጠመች፤
«ይሄ ነው ከንቲባችን!» ብላ ጮኸች።

በሁለት መቶ አሥራ አንድ ድምፅ ተመረጠ።
ኮቱ ተለወጠ፣ ደረጃው ተለወጠ።
እኔም ተከተልኩት፤ ወንበሬ የሚዞር ሆነ፣
ማቴ የሚቀዳ ልጅ ከበሩ ተተከለ።
«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤
እሱ ግን አልበላም፣ እጄን አንስቼ እምላለሁ።
ተበላ እንጂ።
ጥድፊያ በላው።

ወንዙ በየሰባት ዓመቱ ይሞላል፣ ግንብ ያስፈልጋል፤
መሐንዲሶች ካርታ ዘረጉ፣ አንድ ሰማያዊ መስመር፣
የሚያልፈው ልክ በዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር።
«ካሣ ይከፈላል፣» አለኝ፣ «ጊዜያዊ ነው፣» አለኝ፣
ማንም ሳይጠይቀው። እኔም አልጠየቅኩኝ።
ሰማንያ ስድስት የማስለቀቂያ ደብዳቤ፣
ተየብኩ። እሱ ፈረመ፣ ከምሳ እስከ ምሽት፣
የስሙ መጀመሪያ እንደ ዓሣ መንጠቆ ተቆልምሞ፣
ወይንጠጅ ማኅተም ከጎኑ ተጋድሞ።
ግማሹ ሰው ለቀቀ። ካሣው አልደረሰም።
ግማሹም «የት እንሂድ?» ብሎ አልተነሣም።

ወንዝ ቀጠሮ አያከብርም፤ በስድስተኛው ዓመት መጣ።
ግንቡ ገና እወገቡ ነበር።
አደባባዩ ዳነ። ካቴድራሉ ደረቀ።
ዳርቻው እስከ ጣሪያው ታጠበ።
በቦቲ ጫማ ሄደ፣ ባትሪ ይዞ፤
ማንም አልሰደበውም።
አንድ ሰው ቢሰድበው ኖሮ፣ ይተኛ ነበር ያን ሌሊት።

በምርጫው ወደቀ። ለሴኔት ተወዳደረ፣ ደግሞ ወደቀ፤
ፖስተሩ ላይ ልጆች ጢም ሳሉበት፣
እውነት ለመናገር፣ ጢሙ አማረበት።

ተመለስን ወደ ፎቃችን።
መስኮቱ አሁንም አይጠብቅም።
አንድ ጠዋት ደረጃው አቃሰተ፤
ዶኛ ኢርማ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ።
አዲሱ ከንቲባ ሆቴል ሊሠራ ነው፣
አሮጌውን ትእዛዝ ከመዝገብ ቤት አስወጥቶ።
ቁጥር ስድሳ አንድ። ወይንጠጅ ማኅተም።
ከግርጌው መንጠቆ።

«ሌላ ጠበቃ የለም?» አላት፣ ቀና ሳይል።
«ሞልቷል፣» አለች። «ግን ፊርማውን አያውቁትም።»

ያን ሌሊት መልሱን አላስጻፈኝም፤ ራሱ ጻፈ፣
ቀደደ፣ ጻፈ። ወደ ንጋት ላይ ጠራኝ፦
«ተከሳሽ በሚለው ሥር የእኔን ስም አስገቢ።»
«የተከሰሰው ከተማው ነው፣» አልኩት።
«አስገቢ።»

ዳኛዋ ወጣት ነበረች፤ ወረቀቱን አነሣች፦
«ይህን ፊርማ ያውቁታል?»
«አውቀዋለሁ፣ ክብርት ዳኛ። የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል።
ሰውየው ግን ቤቱን ሳያይ ነው የፈረመው።
ግድግዳው አረንጓዴ ነው። በሩ ላይ የልጅ ቁመት
በእርሳስ ተለክቷል፣ ከውኃው በላይ አራት መስመር ቀርቷል።
ትናንት ሄጄ አየሁት።»

ቀጠሮ ለሃያ ሰባት ተሰጠ።
ወንዙ ቀስ እያለ እየጨመረ ነበር።
ዶኛ ኢርማ ፌስታሏን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተች፣
ዓሣ አላመጣችም፣
እሱም አልጠበቀም።