ሠላሳ አምስት ሰዓት

በየአምስት ዓመቱ ሠላሳ አምስት ሰዓት
ተማሪ ሁን አሉኝ፣ እኔን የመንገድ አባት፤
ከክላይፔዳ ወደብ እስከ ሊዮን መጋዘን
ሃያ ስምንት ክረምት የነዳሁ ብቻዬን፤
መስተዋት የመሰለ በረዶ በጎማ ድምፅ የምለይ፣
የጭነቱን ልክ በወገቤ የማውቅ ዳገት ላይ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፈርሜ ገባሁ፣
ኩርፊያዬን ይዤ መስኮቱ ጥግ ተቀመጥሁ።
ዳንጉኦሌ፣ የስድስት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር፣
ሹራብ ትሠራለች፤ ጣቷ ብቻ ነው የሚናገር።
ኬስቱቲስ ከሃምቡርግ የገባው ሌሊት ነው፤
"የድካም ምልክቶች" ከሚለው ሥዕል ሥር እንቅልፍ ጣለው፤
አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል፣
ለትምህርቱ ማስረጃ ያቀርባል።

አስተማሪያችን ጊንታሬ
ልጅ ናት፤ ስትወለድ ከስፔን ስጭን ነበር የብርቱካን ፍሬ።
"መስታወት ብቻ አትመኑ" ስትል በሆዴ ሳቅሁ፣
መስታወት ካላመንሁ ማንን ላምን ነው? እያልሁ።

ከምሳ በኋላ ግቢ አወጣችን፤ ዝናብ ያካፋል፣
አንድ ተሳቢ ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል።
ዳንጉኦሌን መሪው ላይ አስቀመጠቻት፤
ለእኔ የብስክሌት ቆብ ሰጥታ "ቀኝ በሩ ጥግ ቁም" አለችኝ፤ ቆምሁላት።
እጄን ብዘረጋ በሩን እነካለሁ፤
መቶ አስር ኪሎ ነኝ፣ ቢጫ ጃኬት ለብሻለሁ።
"ስንት ሰው ይታይሻል?"
ዳንጉኦሌ መስታወቶቹን አንድ በአንድ አየች፣
አልቸኮለችም፤
"ማንም የለም" አለች።

ማንም የለም።
ይህን ቃል ስንቴ ብዬ እንደ ታጠፍሁ አላውቅም።
ካውናስ መገንጠያ ላይ ግን፣ አንድ የኅዳር ማታ፣
በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ፣ አንድ ነገር ጎኔን መታ።
ወረድሁ። የተጣመመ ጎማ፣ አንዲት ልጃገረድ፣
ጉልበቷን በእጇ ይዛ፣ "ደህና ነኝ" ብላ ልትሄድ።
ለሚስቴም አልነገርሁ፤
"ከየት መጣች?" ስል ከረምሁ።

ከየት እንደ መጣች ዛሬ ቆሜ አየሁት፤
ከዚህ ነው። ከዚህች የአንድ እርምጃ ስፋት።

ጭንቅላቴ ላይ ያለው ቆብ ጠባብ ነው፤ ማውለቁን ረሳሁ።
ጊንታሬ ወረቀቷን ገልጣ ስትጽፍ ሰማሁ፦
"ሪምቪዳስ፣ ሰባት ሰዓት ሞልቷል።
ሃያ ስምንት ይቀርሃል።"

ሃያ ስምንት።
ለእያንዳንዱ ክረምት
አንድ አንድ ይደርሰዋል።