ሞዴል ዐሥራ ዘጠኝ

ነሐሴ ስድስት ቀን፣ ጭቃው ሳይደርቅ ገና፣
በሽሎን ተሻግራ አጅባር ደረሰች መኪና።
እኔ ግምጃ ቤቱ፣ ቁልፉ ወገቤ ላይ፣
ብልቃጧን አንሥቼ አየኋት ወደ ሰማይ፤
ጽሑፏ ደቃቅ ነው፤
«ኦገስት ሠላሳ አንድ»። በእኛ ስመልሰው
ነሐሴ ሃያ አምስት። የቀራት ዐሥራ ዘጠኝ።
«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ…» ስለው ሾፌሩን፣
«ፈርምና ልቀቀኝ።»

ፈረምኩ፦
ሞዴል ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሦስት ቅጂ፣ ካርቦን ገብቶበት፣
ሺህ ሁለት መቶ ክትባት፣ ሙሉ፣ ስብር የሌለበት።
የምስጋናው ደብዳቤም፣ ማኅተም መታሁበት።

ዘበኛው ጋሽ ሙሄ በባትሪ ዓመቷን ቢያያት፣
«ሃያ ሁለት ትላለች፤ እኛ ገና ዐሥራ አራት!
ስምንት ዓመት አላት፤
ምን ያራውጣችኋል?» ብሎ ሳቀባት።

ፀሐይ ለሦስት ቀን ፊቷን ነሣችንና
የሶላር ፍሪጁ ማላብ ጀመረና
በረዶ ልመና ደሴ ሰው ሰደድን።
ሲስተር ጦይባ ደግሞ ሣጥኗን በበቅሎ ጭና
ቁልቁል ቆላ ወርዳ፣ መንገዱ ተንዶ፣
ባራተኛው ቀን ተመለሰች ማታ፣
ስድሳ ሰው ወግታ።
ሌላው አረም ላይ ነው።
«ወንዙ ጎደል ሲል እንመጣለን» አሉ።

መጡም። ነሐሴ ሃያ ስምንት፣ ቅዳሜ፣
ሰልፉ እስከ ግራሩ፣
እጅጌ ተሰብስቦ፣ ክንድ ተዘጋጅቶ።
ምን ብዬ ልንገራቸው?
«መድኃኒቱ አለ፣ ቀኑ ነው ያለቀው»?

አምና፣ ሐጂ ይማም ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣
«ተራ ጠብቁ» ነበር ከማዶ መልሳቸው።
ይቺው ብልቃጥ ያኔ በማን ፍሪጅ ነበረች?
ጦይባ አልጠየቀችም፤ ልጃቸው ነበረች።
ጉድጓዱ አፋፍ ላይ፣ እሳቱ ሲጫር ግን፣
«አባባ ይሉ ነበር» አለች ቀስ ብላ፣
«አንካሳ በግ ለአረፋ አይታረድም።»
ሌላ አልጨመረችም።

ቃለ ጉባኤውን ሦስት ሆነን ፈረምን።
ከዞን የመጣው ቅጽ አንድ ጥያቄ አለው፦
«የብክነቱ ምክንያት»። ሣጥኑ ሁለት ነው፤
«የመብራት መቋረጥ»፣
«የኅብረተሰቡ ቸልታ»።
እስክሪብቶዬን ይዤ አመሸሁ።
በመጨረሻ፣ ከሣጥኑ ውጭ፣ በጠርዙ ጻፍኩ፦
«ስትመጣም አርጅታ ነበር።»

ጋሽ ሙሄ አንዲት ባዶ ብልቃጥ ከአመዱ ለይቶ
ኮቱ ኪስ ከተተ።
«ሃያ ሁለት ሲገባ ቀስቅሱኝ» አለና
ወደ በሩ ሄደ፣ ዝናብ እየመታው።